ከኤክስትራክት ወደ ሙሉ ብቅል ጠመቃ መሸጋገር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኤክስትራክት፣ ማለትም ፋብሪካ ባዘጋጀው የብቅል ሽሮፕ ወይም ዱቄት፣ ቢራ መጥመቅ ለምዳችኋል። አሁን ብቅሉን ራሳችሁ ዘፍዝፋችሁ፣ ስኳሩን ራሳችሁ ማውጣት አምሯችኋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች እዚህ ላይ የደረሰ ሰው ደጋግሞ የሚያነሳቸው ናቸው። ስሌቶቹ 20 ሊትር ቢራ ለሚጠምቅ ሰው የተሠሩ ናቸው። ለ10 ሊትር በግማሽ ቀንሱት።

በትክክል የሚለወጠው ምንድን ነው?

አንድ ሥራ ይጨመራል፣ ያው ነው። ኤክስትራክት ማለት ፋብሪካ ብቅሉን ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ ውኃውን አትንኖ የሸጠላችሁ ሽሮፕ ወይም ዱቄት ነው። በሙሉ ብቅል ስትጠምቁ ይህንን ሥራ ከፋብሪካው ትረከባላችሁ። የተሸረከተው ብቅል ከ62 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። ጠማቂዎች ይህንን ማሽ ይሉታል። በዚህ ጊዜ ብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ቆራርጠው ስኳር ያደርጉታል። ከዚያ ጣፋጩ ፈሳሽ፣ ማለትም ዎርቱ፣ ከአሰሩ ይለያል።

የቀረው የምታውቁት ነው። ይፈላል፣ ሆፕ (መራራነትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) ይገባበታል፣ ይቀዘቅዛል፣ እርሾ ይጨመርበታል።

ቢራዬ ይሻሻላል?

የግድ አይደለም። ይህንን ቀድሞ መናገር ይሻላል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ወደ ሙሉ ብቅል የሚመጣው ኤክስትራክቱን ጥፋተኛ አድርጎ ነው። ቢራን ከሚያበላሹት ነገሮች አብዛኞቹ ግን የሚመጡት ከፈላ በኋላ ነው። ቢራው የሚብላላበት በደንብ ያልጸዳ ባልዲ፣ ያነሰ ወይም ያረጀ እርሾ፣ የሚሞቅ ክፍል። ባልዲው የተቀመጠበት ክፍል 28 ዲግሪ ከሆነና ኤል ለሚባለው የቢራ ዓይነት የሚሆን የተለመደ እርሾ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የብቅል ወፍጮ ከመግዛታችሁ በፊት ለሙቀቱ መላ ፈልጉለት። በጥሩ ኤክስትራክት፣ በንጽሕናና በልክ ሙቀት የተጠመቀ ቢራ በግዴለሽነት ከተጠመቀ የሙሉ ብቅል ቢራ ይበልጣል።

የምታገኙት ትልቁ ነገር ምርጫ ነው። ቢራው ቀለል ይበል ወይስ ወፈር፣ ይድረቅ ወይስ ጣፋጭነት ይኑረው የሚለውን ከእንግዲህ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በኤክስትራክት ይህንን ፋብሪካው ቀድሞ ወስኖላችኋል። ቀለሙም ይነጣል። ኤክስትራክት ሲመረትና ሲቀመጥ ስለሚጠቁር በእሱ በጣም ፈዛዛ ቢራ ማውጣት ያስቸግራል። መደርደሪያ ላይ የከረመ የሽሮፕ ኤክስትራክት ደግሞ እጅ እጅ ይላል። ያልተሸረከተ ብቅል ግን በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት አይለወጥም።

ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

በኤክስትራክት ሦስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው አሁን አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ይፈጃል። አንዱ ሰዓት ብቅሉ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ነው። የቀረው ብዙ ውኃ ማሞቅና ዕቃ ማጠብ ነው። ማምሻውን ከሥራ መልስ የሚጀመር ነገር አይደለም።

ምን ዓይነት ዕቃ ያስፈልገኛል?

ከሁሉ በፊት ትልቅ ድስት። በኤክስትራክት 10 ሊትር አፍልታችሁ ቀሪውን በቀዝቃዛ ውኃ ትሞሉት ይሆናል። እዚህ ግን ዎርቱ በሙሉ መፍላት አለበት። 20 ሊትር ቢራ ለማግኘት ከ25 ሊትር በላይ ይፈላል። ስለዚህ ከ35 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ ድስት ያስፈልጋል። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ይገነፍላል።

ቀጥሎ የምድጃው ጉልበት ነው። 28 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ ድረስ ወደ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይፈልጋል። ባለ 2 ኪሎዋት ምድጃ ምንም ሙቀት ሳይባክንበት እንኳ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ይፈጅበታል። በተግባር ሙቀት ስለሚባክን ከዚያም ይረዝማል። አንዳንድ የቤት ምድጃ ጭራሽ አያንተከትከውም። ትልቁን ድስት ከመግዛታችሁ በፊት ባላችሁ ዕቃ ውኃ ጥዳችሁ ምድጃችሁን ፈትኑት። ካልቻለ 10 ሊትር ጠምቁ። በትንሹ መጥመቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እንዲያውም ለመማር ይመቻል።

ከዚህ ሌላ የሚታመን ቴርሞሜትር፣ ሃይድሮሜትር (የዎርቱን ስኳር የሚለካ)፣ ረጅም ማማሰያና የማጥለያ ከረጢት ይበቃሉ። ቴርሞሜትሩን ሳትፈትኑ አትመኑት። በረዶ አድቅቃችሁ ከውኃ ጋር ቀላቅሉና ንከሩት፤ 0 ማለት አለበት። በሚፈላ ውኃ ብቻ መፈተን አያዋጣም። ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቦታ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላልና።

በከረጢት ልጀምር ወይስ በሦስት ዕቃ?

በከረጢት። በዚህ ላይ አላመነታም።

በሦስት ዕቃ ሲሠራ አንዱ ውኃ ያሞቃል፣ ሁለተኛው ብቅሉን ይይዛል፣ ሦስተኛው ያፈላል። ያማረ አሠራር ነው፤ ቦታ፣ ቧንቧና ብዙ እጥበት ግን ይፈልጋል። በከረጢት ሲሆን ውኃው በሙሉ አንድ ድስት ውስጥ ይሞቃል፣ ብቅሉ በከረጢቱ እንዳለ ይገባል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከረጢቱ እንደ ሻይ ቅጠል ከረጢት ብድግ ይላል። ዘዴውን ያስፋፉት የአውስትራሊያ የቤት ጠማቂዎች ናቸው። ቢራው ከሦስቱ ዕቃ ቢራ አያንስም። ለ20 ሊትር እስከ 6 ኪሎ ብቅል ድረስ በደንብ ያስኬዳል። በጣም ጠንካራ ቢራ ሲፈለግ ግን ክብደቱ ያስቸግራል።

ክብደቱን ቀልድ አታድርጉት። 5 ኪሎ ብቅል ውኃውን ጠጥቶ ሲወጣ ከ10 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል፤ ትኩስ ነው፣ ይንጠባጠባል። ከላይ የሚንጠለጠልበት መንጠቆ ወይም የሚያግዝ ሰው ይኑር። 66 ዲግሪ ውኃ ያቃጥላል።

የኤክስትራክት አሠራሬን ወደ ብቅል እንዴት ልቀይረው?

ለ1 ኪሎ የሽሮፕ ኤክስትራክት 1.35 ኪሎ ያህል መሠረታዊ ብቅል (የቢራውን አብዛኛውን ስኳር የሚሰጠው ፈዛዛ ብቅል) ተኩ። ለ1 ኪሎ ዱቄት ኤክስትራክት ደግሞ 1.65 ኪሎ ያህል። ይህ ስሌት ብቅሉ ውስጥ ካለው ስኳር 72 በመቶውን ታወጣላችሁ ብሎ የተነሳ ነው። በ3 ኪሎ ሽሮፕ ትጠምቁት የነበረው ቢራ እንግዲህ ወደ 4 ኪሎ ብቅል ይፈልጋል ማለት ነው። ለቀለምና ለጣዕም የምትነክሩት ክሪስታል ወይም የተቆላ ብቅል መጠኑ አይቀየርም።

ኤክስትራክቱ ከምን ብቅል እንደተሠራ ግን ማሸጊያውን አንብቡ። ጠቆር ያለው ኤክስትራክት ውስጥ ክሪስታልና የተቆላ ብቅል ገብቶበት ሊሆን ይችላል። እሱን በፈዛዛ ብቅል ብቻ ብትተኩት ሌላ ቢራ ይወጣል።

ውኃው ምን ያህል ይሁን?

ከመጨረሻው ተነስታችሁ ወደ ኋላ ደምሩ። ባልዲ ውስጥ የሚገባው 20 ሊትር። ድስቱ ሥር ከዝቃጩ ጋር የሚቀረው 2 ሊትር። በአንድ ሰዓት መፍላት የሚተነው 3.5 ሊትር ያህል። ብቅሉ ጠጥቶ የሚያስቀረው፣ ከረጢቱ ከተጨመቀ፣ በኪሎ 0.6 ሊትር፤ ለ5 ኪሎ 3 ሊትር። ድምሩ 28.5 ሊትር።

የሚተነው መጠን ከድስት ድስት ይለያያል። አፉ ሰፊ የሆነ ድስት ብዙ ያተናል። የራሳችሁን ለማወቅ ባዶ ውኃ አንድ ሰዓት አፍሉና መጠኑን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ለኩ።

ብቅሉን ስጨምር ውኃው ስንት ዲግሪ ይሁን?

ከምትፈልጉት ከፍ ይበል፣ ምክንያቱም ቀዝቃዛው ብቅል ሙቀቱን ይቀንሰዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከምትፈልጉት ሙቀት ላይ የብቅሉን ሙቀት ቀንሱ። ያንን በ0.41 አባዙ። ለአንድ ኪሎ ብቅል ስንት ሊትር ውኃ እንደሚደርስ አስሉና በዚያ አካፍሉ። ያገኛችሁትን በምትፈልጉት ሙቀት ላይ ደምሩ።

ብቅሉ 20 ዲግሪ ነው፣ የምትፈልጉት 66 ነው እንበል። በከረጢት 5 ኪሎ ብቅል በ28.5 ሊትር ሲሆን ውኃው 69.3 ዲግሪ ይሁን። ሌላ ዕቃ ውስጥ በኪሎ 3 ሊትር ብቻ ከሆነ ግን 72.3 ያስፈልጋል። ዕቃው ራሱ ቀዝቃዛ ከሆነ እሱም ይወስዳል፤ ቀድማችሁ በሙቅ ውኃ አሙቁት።

ለመሆኑ 64 ይሁን 68 ምን ለውጥ ያመጣል?

የሙሉ ብቅል ጨዋታ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስታርቹን የሚቆራርጡት ዋናዎቹ ሁለት ኢንዛይሞች ናቸው። ቤታ አሚሌዝ ከሰንሰለቱ ጫፍ እየቆረጠ ማልቶስ ያወጣል፤ ማልቶስን እርሾ ይወደዋል። የሚመቸው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ነው፤ ወደ 70 ሲጠጋ ቶሎ ይሞታል። አልፋ አሚሌዝ ደግሞ ሰንሰለቱን መሐሉን ይበጥሰዋል። ከ68 እስከ 72 ዲግሪ ባለው ይበረታል። እሱ ከሚያወጣቸው ቁርጥራጮች አንዳንዶቹን እርሾ መብላት አይችልም፤ ቢራው ውስጥ ይቀራሉ።

ስለዚህ በ64 ዲግሪ ከተዘፈዘፈ እርሾው አብዛኛውን ይበላና ቢራው ይደርቃል፣ ይቀላል፣ አልኮሉም ትንሽ ከፍ ይላል። በ68 ወይም 69 ከሆነ ቢራው አፍ ላይ ወፈር ይላል። 66 መሐል ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ያዙ። ለውጡን ማየት የሚፈልግ ሰው ያንኑ ቢራ፣ በዚያው እርሾ፣ አንዴ በ64 አንዴ በ69 ይጥመቀው። ጎን ለጎን ሲቀመስ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ቢል አትጨነቁ። በሰዓቱ ውስጥ ሁለት ዲግሪ ቢወርድም ቢራ ይሆናል። ከ75 በላይ ግን አታሳልፉት፤ ኢንዛይሞቹ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ያልቃሉ። ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ እሳቱን አጥፉ፣ ክዳኑን አሥር ጊዜ አትክፈቱ። ማሞቅ የግድ ከሆነ ከረጢቱን ከድስቱ ሥር ከፍ አድርጋችሁ ይሁን፤ ያለዚያ ያርራል።

ብቅሉ እንዴት ይሸርከት?

እያንዳንዱ ፍሬ መሰበር አለበት፣ ገለፈቱ ግን በተቻለ መጠን ሙሉውን ይቆይ። እፍኝ አንስታችሁ መዳፋችሁ ላይ ዘርጉት። ነጩ ውስጡ ሦስት አራት ቦታ ተሰባብሮ፣ ገለፈቱ ባዶውን ሲታይ ልክ ነው። ያልተሰበረ ፍሬ ከበዛ ስኳሩ ውስጡ ይቀራል። ሁሉም ዱቄት ከሆነ ደግሞ ያለ ከረጢት በሚሠራ ዕቃ ውስጥ ይጓጉላል፤ ፈሳሹ አልወርድ ይላል። ገለፈቱ የሚጠቅመው ራሱ ማጥለያ ስለሚሆን ነው። ከረጢት ካለ ይህ ስጋት ስለሌለ ደቀቅ ቢል ጥሩ ነው።

ሻጩ የሚሸረክትላችሁ ከሆነ ወፍጮ ለመግዛት አትቸኩሉ። ቤት ከሸረከታችሁ ደግሞ ቢራው ከሚብላላበት ቦታ ራቅ በሉ። የብቅል አቧራ ቢራ የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎች አሉበት።

ሲዘፈዘፍ ምን ማየት አለብኝ?

ብቅሉን ቀስ እያላችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩ። በአንዴ ከተገለበጠ ይጓጉላል፤ ጓሉ ውጪው እርጥብ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ማማሰያውን እስከ ድስቱ ሥር አድርሱና እያንዳንዱን ጓል ከጎን ጨፍልቁት። መጀመሪያ ላይ ውኃው ወተት የመሰለ ድፍርስ ነው፣ ሲቀመስም ዱቄት ዱቄት ይላል። ከሃያ ሠላሳ ደቂቃ በኋላ ይጠራል፣ ይጠቁራል፣ ጣፋጭ ይሆናል። ጣታችሁ ላይ ሲደርቅ ይጣበቃል። ያኔ ስኳር እየወጣ ነው።

ምላሴን አላምንም የሚል ሰው አዮዲን አለለት። ትንሽ ዎርት ነጭ ሳህን ላይ አድርጎ አንድ ጠብታ ያክልበት። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ስታርች ቀርቷል፤ ቀለሙን ካልቀየረ አልቋል። የነካውን ዎርት ድፉት፣ ወደ ድስቱ አትመልሱት።

ከረጢቱን መጭመቅ ቢራውን ያመርረዋል ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ያን አፍ የሚይዝ የታኒን ጣዕም የሚያወጣው ጉልበት ሳይሆን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 ሲያልፍና ውኃው በጣም ሲሞቅ ነው። ያለ ሐሳብ ጭመቁት። የቀረውን ስኳር ለማውጣት አሰሩን የምታለቀልቁ ከሆነ ግን የማለቅለቂያው ውኃ ከ77 ዲግሪ አይብለጥ፤ የሚወርደው ፈሳሽ ግራቪቲ (በስኳሩ መጠን የሚጨምር እፍጋት፤ የውኃ 1.000 ነው) 1.010 አካባቢ ሲደርስም አቁሙ። በከረጢት ሙሉውን ውኃ አንዴ ከተጠቀማችሁ ማለቅለቅ ጭራሽ አያስፈልግም።

የቧንቧ ውኃ ይሆናል?

በኤክስትራክት ስትጠምቁ የውኃው ማዕድን ብዙም አያሳስብም ነበር፤ የፋብሪካው ውኃ ማዕድን ኤክስትራክቱ ውስጥ አለ። አሁን ግን ውኃው ብቅሉ ላይ በቀጥታ ይሠራል። የድፍድፉ (የማሹ) ፒኤች ከ5.2 እስከ 5.6 ቢሆን ኢንዛይሞቹ ይመቻቸዋል። ካርቦኔት የበዛበት ውኃ በፈዛዛ ብቅል ይህንን ያሳልፋል። የተቆላ ብቅል አሲድነት ስላለው ጠቆር ያለ ቢራ በእንዲህ ዓይነት ውኃ ይቀናዋል።

ለመጀመሪያው ቢራ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፤ ክሎሪኑን አስወግዱ። ክሎሪን ቢራውን የፕላስተርና የመድኃኒት ጣዕም ይሰጠዋል። ተራ ክሎሪን ሲፈላ ይበናል፤ በአንዳንድ የቧንቧ ውኃ ውስጥ የሚገባው ሌላው ማጽጃ ክሎራሚን ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ካምፕደን የሚባለው የሜታባይሰልፋይት ክኒን ሁለቱንም በደቂቃዎች ውስጥ ያጠፋል። ለ28 ሊትር ግማሽ ክኒን ከበቂ በላይ ነው። ጨውና አሲድ መለካቱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ግራቪቲው ካሰብኩት በታች ሆነ። ቢራው ተበላሸ?

ኧረ በፍጹም! ይህ ሁሉንም ሰው ያጋጥመዋል። መጀመሪያ ግን በትክክል መለካታችሁን አረጋግጡ። 66 ዲግሪ ባለው ዎርት ውስጥ የገባ ሃይድሮሜትር ከ15 ነጥብ (0.015) በላይ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ናሙናውን ወደ 20 ዲግሪ አቀዝቅዙት።

ከ5 ኪሎ ብቅል፣ በ72 በመቶ፣ ከመፍላቱ በፊት በ25.5 ሊትር 1.043 ይጠበቃል። ከፈላ በኋላ በ22 ሊትር 1.050 ይሆናል። ከመፍላቱ በፊት 1.038 ብቻ አሳየ እንበል። 350 ግራም ያህል ዱቄት ኤክስትራክት ጨምሩበት፤ ጉድለቱ ተሞላ። ለዚህ ነው ኤክስትራክትን ጨርሶ ከቤት አታውጡት የምለው።

ደጋግሞ ከጎደለ መጀመሪያ ሽርክቱን ጠርጥሩ። ቀጥሎ ጓሉን፣ ከዚያ ቴርሞሜትሩን። ሁልጊዜ 65 በመቶ ከሆነ ደግሞ ችግር የለውም፤ ግማሽ ኪሎ ብቅል ጨምሩና ኑሩ። በየጊዜው መለያየቱ ነው የሚያስቸግረው። 80 በመቶ አወጣሁ ብሎ የሚፎክር ሰው ቢራው ጣፈጠ ማለት አይደለም።

ማፍላቱና ሆፑ ላይ የሚቀየር ነገር አለ?

ጥቂት። ቀድሞ ወፍራም ዎርት በትንሽ ውኃ ታፈሉ ከነበረ ሆፑ መራራነቱን በደንብ አይሰጥም ነበር። አሁን ሁሉም ስለሚፈላ በዚያው ሆፕ ቢራው መረር ሊል ይችላል። ክዳኑን ከፍታችሁ አፍሉ። የብቅሉ ዲኤምኤስ፣ ማለትም የተቀቀለ በቆሎ የመሰለው ሽታ፣ በእንፋሎቱ ይወጣል። በጣም ፈዛዛ ለሆነው ፒልስነር ብቅል ብዙዎች 90 ደቂቃ ያፈላሉ። ገና መንተክተክ ሲጀምር አረፋው በድንገት ይነሳል፤ ያኔ ከድስቱ ዘወር አትበሉ።

22 ሊትር እንዴት ላቀዝቅዝ?

በረዶ የሞላ ገንዳ ለ10 ሊትር ይሠራል፣ ለ22 ግን ያሰለቻል። ቀዝቃዛ ውኃ የሚያልፍበት የመዳብ ጥቅል ቱቦ ይሻላል። መፍላቱ ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው ድስቱ ውስጥ ክተቱት፤ በዚያው ይጸዳል። የፈላ ዎርት ውስጡ አየር ስለሌለው ከቀዘቀዘ በኋላ በደንብ ናጡት፤ ፈሳሽ እርሾ ከሆነ በተለይ።

አጃ፣ ሩዝ ወይም የተቆላ ብቅል ብቻውን መዘፍዘፍ እችላለሁ?

አትችሉም። የተቆላና ክሪስታል ብቅል ኢንዛይሙ በእሳት ሞቷል። ያልበቀለ እህልም የሚበቃ የለውም። መሠረታዊ ብቅል አብሮ መግባት አለበት፤ የእሱ ኢንዛይም ለሌላውም ይተርፋል።

ከዚህ ጋር አንድ መሐለኛ መንገድ አለ። 1.5 ወይም 2 ኪሎ ብቅል በትንሽ ከረጢት ዘፍዝፋችሁ ቀሪውን ስኳር በኤክስትራክት ሙሉት። ትልቅ ድስት አይጠይቅም። ወደ ሙሉ ብቅል ሳያልፍ እዚሁ ተመችቶት የቀረ ጠማቂም አለ፤ ምንም አላጣም።

አሰሩን ምን ላድርገው?

በዚያው ቀን ከቤት አውጡት። ትኩስና እርጥብ ስለሆነ በማግስቱ ይኮመጥጣል፣ ይሸታልም። ለዶሮ ይሆናል፣ ለብስባሽ ማዳበሪያም ይሆናል። ደርቆ ከተፈጨ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ሆፕ የገባበትን ዝቃጭ ግን ውሻ በማይደርስበት ቦታ ጣሉት፤ ሆፕ ውሻን ሊገድል ይችላል። ከረጢቱን ገልብጣችሁ በሙቅ ውኃ ብቻ እጠቡት። ሳሙና አትንኩበት፤ ሽታው ጨርቁ ላይ ይቀራል። ከመታጠፉ በፊት ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።